መስታወቱን እንጂ አንተን አይደለም

እኔ መስታወት ተሸካሚ ነኝ። አለቃዬ ብርድ ልብስ ሳታለብሰው እንዳትወጣ ይለኛል። እኔ ደግሞ ጥግ እንደታጠፍኩ ገፍፌ ትከሻዬ ላይ ጣል። መስታወቱን በጀርባዬ ሳዝለው ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ፀጉሩን ያስተካክላል፤ አንዱ ጥርሱን ሲጎረጉር ሌላው ሲስቅበት እሰማለሁ። ከዚህ በላይ ምን ጨዋታ አለ?

አንድ ቀን ታዲያ አንዲት ልጅ ከኋላዬ አልለይ አለችኝ። ቀኝ ታጠፍኩ፣ ኮቴዋም ታጠፈ። ዳቦ ቤቱን ሁለቴ ዞርኩት፣ አብራኝ ዞረች። ያው ወዳኝ ነው ብዬ ደረቴን ነፋ አድርጌ ቆምኩ።

«እህት፣ ስልኬን ነው እኔን ነው የፈለግሽው?»

«መስታወቱን ነው የምከተለው። አንተን አይደለም።»

እንዲህ አይነት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ከቤቷ ስትወጣ የምትሄድበት የላትም። ህግ ብቻ ታወጣለች። ዛሬ የሚያብረቀርቅ ነገር መከተል፣ ነገ ድመት በሄደችበት መሄድ። ከተማ የሚታወቀው በእግር ነው አለችኝ፤ አንዱ መንገድ ሳትቸኩል ያስቸኩልሃል፣ አንዱ ሳታውቀው ድምፅህን ያስቀንስሃል። ይህንን ካርታ ላይ ትስለዋለች። የመንገድ ስም የለበትም፣ ስሜቱ ብቻ። ነካ ያደርጋታል አልኩ በሆዴ። በማግስቱ ግን መስታወቱን ወልውዬ ወልውዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ስጨርስ አብሮ መዞር ሆነ። «ስንጥቅ» ትለኛለች። አለቃዬ ያወጣልኝ ስም ነው፤ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ምን እንዳደረግኩ አትጠይቁኝ። ስንት ዘመን አቀርቅሬ ያለፍኩበትን ከተማ ገና ከእሷ ጋር አየሁት።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ፋርማሲው ጥግ ስንደርስ ትመለሳለች። ድመቷ ወደዚያ ብትገባ እንኳ እሷ አትገባም። ካርታዋም ላይ እዚያ ጋ ባዶ ነው። ቀናሁ፣ ምን ልደብቃችሁ።

«እዚያ መንገድ ላይ የሆነ ወንድ አለሽ አይደል?»

«ነበረኝ» አለች። ጥላኝ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ስልኬን አላነሳችም።

በሳምንቱ አለቃዬ የመስታወት ልክ ወስደህ ና ብሎ ወደዚያው መንገድ ላከኝ። አዲስ ፀጉር ቤት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሜትሩን በአንድ በኩል ይዞልኝ ወሬውን ለቀቀው። ቤቱ የልብስ ሰፊ ነበር፤ ሰውዬው የስፌት መኪናው ላይ እንዳቀረቀረ ነው ያረፈው። አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ ከተማውን ስትዞር ትውላለች፣ እዚህ ግን ድርሽ ብላ አታውቅም አለኝ።

ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። የቀናሁት በአባቷ ነው!

መስታወቱ ሲቆረጥ ተሸክሜ ወጣሁ። ወደ ፀጉር ቤቱ ግን አልሄድኩም። ቤቷን አላውቅም፤ ህጓን ግን አውቃለሁ። ብርድ ልብሱን ገፍፌ እሷ በምትወዳቸው መንገዶች ሁሉ ዞርኩ። ወገቤ ተቆረጠ። አለቃዬ ይደውላል፣ አላነሳም። ሳትከተለኝ ይሄ መስታወት ከጀርባዬ አይወርድም አልኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያ ኮቴ መጣ።

«መስታወቱን ነው» አለች ከኋላዬ። ድምጿ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

«አውቃለሁ። እሱ ደግሞ የሚሄደው አባትሽ ሱቅ ነው።»

ኮቴው ቆመ። አልችልም አለች፤ ያንን በር ከሩቅ ሳየው እግሬ ራሱ ይመልሰኛል።

«እኔን ተጠጊ። ፊት ለፊትሽን መስታወቱ ይጋርድልሻል። የሚታይሽ ያለፍሽው ብቻ ነው።»

ፋርማሲውን ታጠፍኩ። ዞሬ ማየት አልችልም፤ ጆሮዬን ብቻ ጣልኩ። መሃል ላይ ቆመች። እኔም ቆምኩ። መስታወቱ ከበደኝ፣ ግን ንቅንቅ አላልኩም። አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ... ከዚያ ኮቴው ቀጠለ።

በሩ ላይ ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱን ሲቀበለኝ የአባቷ ቤት ፊት ለፊቷ ተገለጠ። ገባች። ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«እዚህ ጋ ስቀሉት። አባዬ ደንበኛ ሲለካ እዚህ ነበር የሚያቆመው። ብርሃኑ ጥሩ ነው።»

ሰቀልነው። ከፊቱ ቆማ አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ፀጉሯን አስተካከለች።

ስንወጣ የቀረኝ ብርድ ልብሱ ብቻ ነው።

«እንግዲህ መስታወት የለኝም። ምን ልትከተይ ነው?»

«አንተን።»

«ከኋላዬ ስትሆኚ ሌባ ትመስያለሽ» አልኳት። «ጎኔ ነይ።»

መጣች። እጄንም ያዘችው። አለቃዬ አሁንም ይደውላል፤ በየትኛው እጄ ላንሳው?