ከጣሪያው ማዶ

ውርጩ የሟቹን ጀርባና የአሸዋውን ክምር ሳያዳላ እኩል አልብሷቸው ነበር። ከሩቅ ላየው ሰው የተጣለ አሮጌ ካፖርት እንጂ ሰው አይመስልም። የግቢው ዘበኛም ካፖርት መስሎት ነበር፤ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ነው ካፖርቱ እጅ እንዳለው ያየው።

መርማሪዋ ስትደርስ ፀሐይ ገና ከቤቱ ማዶ ነበረች። የጣቢያ ባልደረቦቿ በሌለችበት «እትዬ ጆሮ» ይሏታል፤ ከምትናገረው የምትሰማው ስለሚበልጥ። ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ከንፈሯ ለአፍታ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለች ከእሷና ከፈጣሪዋ በቀር የሰማ የለም። ከዚያ ማየት ጀመረች።

ሟቹ የጣሪያ ሠራተኛ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጣሪያ ሲያለብስ የኖረ ሰው በመሆኑ «አባ ክዳን» እያሉ ይጠሩታል። ወገቡ ላይ ወፍራም ገመድ ጥብቅ ተደርጎ ተቋጥሯል። የገመዱ ቀሪ አብሮት ወርዶ አሸዋው ላይ ተጋድሟል። አልተበጠሰም፤ አልተቆረጠም። ርሶ ስላደረ በብርዱ እንደ ሽቦ ደርቋል፤ ጫፉም ክብ ሠርቶ ቀርቷል።

«ይሄን ገመድ ከሰውየው ላይ በቀስታ ፍታና ጥላ ውስጥ አስቀምጥልኝ» አለችው ሃምሳ አለቃውን። «ጫፉን እንዳትነካ። ሙቀት እንዳያገኘው።»

«ገመዱም ጉንፋን ይዞታል እንዴ?»

«ካልቀዘቀዘ አይናገርም።»

ከግድግዳው ሥር አንድ ረጅም ቀጭን ሰው እጆቹን በብብቱ ሸጉጦ ቆሟል። የሟቹ የሥራ ጓደኛ ነው፤ «ሸንበቆ» ይሉታል። ሁለቱ ፂም ሳያበቅሉ ጀምሮ አብረው የሠሩ ናቸው።

«ትላንት ፀሐይዋ ሳትዞር አብረን ወረድን» አላት። «በዚህ ብርድ ከዚያ ወዲያ አይሠራም። የተረፉ የጣሪያ ልባስ ጥቅልሎቻችንን አስገባንና እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እሱ እዚሁ ነው የሚያድረው። አመሻሹ ላይ ብቻውን ተመልሶ ወጥቶ ይሆናል።»

«ውርጭ ሊጥል ሲል? ለምን?»

ሸንበቆ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። «እሱን እኔ ምን አውቄ። በውርጭ ጣሪያ ላይ መውጣት ምን እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እያወቀ የወጣ ሰው... ሽማግሌም ነው፤ ሆድ ይብሰዋል።»

ይህን ሲል ከኋላቸው ሻንጣ መሬት ላይ ወደቀ። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ቆማለች፤ የሟቹ ልጅ ናት። አባቷን ወደምትኖርበት ሞቃት አገር ልትወስደው በጠዋት አውቶቡስ መድረሷ ነበር። የሸንበቆን የመጨረሻ ቃል ሰምታዋለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ያ ይብስ ነበር። «ዘንድሮ ካልመጣህ አባት የለኝም እላለሁ ብዬው ነበር፣ በስልክ። እሺ ብቻ አለኝ። እሺ ሲል እንዲህ ማለቱ ነበር?»

«እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አለች መርማሪዋ። «ገና ባልተጣራ ነገር በራስሽ ላይ አትፍረጂ። ቆዪኝ፤ መጀመሪያ ልስማ።»

ሟቹ ያድርባት የነበረችው ክፍል ምድር ቤት ናት። ገብተው ሲያዩ ምድጃው መሐል ላይ ነው። ሬንጅ የጠጡት ወፍራም የጣሪያ ጥቅልሎች በቁማቸው ዙሪያውን ከበውታል። አልጋው ግን ብርድ በሚገባበት ጥግ ተገፍቷል፤ ብርድ ልብሱ ታጥፎ ተቀምጧል።

«ምድጃው የነሱ ነው» አለ ዘበኛው በአገጩ ጥቅልሎቹን እያሳየ። «ማታ ከሥራ ሲወርድ ያነድድላቸዋል፤ ጠዋት ሲወጣ አመዱን ይጠርጋል። ‹እነሱን ብርድ ከመታቸው ሲዘረጉ እንደ ገል ይሰበራሉ፤ እኔ ብርድ ቢመታኝ አስላለሁ እንጂ አልሰበርም› ይለኝ ነበር።»

መርማሪዋ እጇን ምድጃው ውስጥ አስገባች። ቀዝቃዛ ነው፤ ተጠርጎ አንዲት የአመድ ብናኝ አልቀረበትም። ከጥቅልሎቹ አንዱ ግማሹ ተሠርቶበታል።

«ትላንት ማታ ጭስ አይተሃል?»

«እንዴታ! እንደ ልማዱ ነው ያጨሰው።»

«በምን እንጨት? በምን ከሰል? አመዱስ የታል?»

ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን አየ፤ መልሱ እዚያ ያለ ይመስል። «እውነቱን ልናገር እትዬ? ኳስ ነበረ። ከሰዓት በኋላ በሩን መለስ አድርጌ ጎረቤት ሄድኩ። ስመለስ ጭስ የለም። ተኝቷል አልኩ።»

«አላንኳኳህም?»

«ማን ያንኳኳል? ሰው ደህና ነው ብሎ ማደር ይቀላል።» ኮፍያውን መልሶ ሳይደፋ ቀረ። «ደግሞ ተሸነፍን።»

የቤቱ ባለቤት አሮጊት ላይኛው ፎቅ፣ ከጣሪያው ሥር ባለች ክፍል ተኝታለች። እግሯን ካመማት ወዲህ ካልቸገራት አትወርድም። ከሟቹ ጋር ተጣልታ እንደነበር ዘበኛው ሹክ ብሏል።

«ተጨቃጭቀናል፣ አልደብቅሽም» አለች። «እኔ ዝናብ ሳይመጣ ይለቅልኝ አልኩ፤ እሱ ብርዱ ይለፍ አለ። ኋላ ግን ራሱ መጥቶ ‹ቶሎ ልጨርስልዎት እማማ› አለኝ። ምን አስቸኮለው አልኩ በሆዴ።»

«ሲሠሩ ይሰማዎታል?»

አሮጊቷ ፈገግ አለች። «አናቴ ላይ አይደሉ እንዴ! አንዱ በዚህኛው የጣሪያ ክንፍ፣ አንዱ በዚያኛው። ገመዱ በጣሪያው ጀርባ ላይ ያልፍና አንዱ ጫፍ በዚህ ወገብ፣ አንዱ ጫፍ በዚያ ወገብ ነው። አንዱ ለሌላው ሚዛን፤ ግን አይተያዩም። ወደ ታች ሊያጋድል የፈለገው ‹ያዝ!› ይላል። የማዶው ‹ይዣለሁ!› ይላል። እኔ ብቻዬን ነኝ ልጄ። አንዳንዴ አልጋዬ ላይ ሆኜ እኔም ይዣለሁ እላለሁ። ምን እንደያዝኩ እንጃ።»

«ትላንት ለመጨረሻ ጊዜ የሰሙት መቼ ነው?»

«ፀሐይ እዚች ብርድ ልብሴ ላይ ሳለች። ከዚያ ጸጥ። ወትሮ ሲወርዱ እንደ ባልና ሚስት ይነታረካሉ፤ ትላንት ንትርክ አልነበረም።»

ከአሮጊቷ ክፍል አጠገብ ወደ ጣሪያው የሚያስወጣ ጠባብ ቀዳዳ አለ። የሚከፈተው ከጭስ ማውጫው ሥር በሸንበቆ ክንፍ በኩል ነው። መርማሪዋ ጣቢያው ካመጣው ገመድ አንዱን ጫፍ ጭስ ማውጫው ላይ አስራ፣ ሌላውን በወገቧ ቋጠረች። ሃምሳ አለቃው ከቀዳዳው ራሱን ብቻ አውጥቶ ዓይኑን ጨፈነ።

በሸንበቆ ክንፍ የመጨረሻው መስመር እኩሌታው ተለብሷል፤ የተረፈው ጥቅልል የለም። ተነስቷል። ጣሪያውን ተሻግራ ወደ ማዶ ስታይ ግን በአባ ክዳን ክንፍ የእሱ ጥቅልል በሩቁ ጫፍ ግማሹ እንደተዘረጋ ቀርቷል። የተለበሰው ክፍል ለስላሳ ነው፤ አንድ ስንጥቅ የለበትም። ቀስ ብላ ተጠግታ ያልተዘረጋውን በእጇ ሞከረችው። «ቀጭ» ብሎ ተሰነጠቀ።

መዶሻውም እዚያው ነበር። በሁለቱ ሰዎች መካከል የነበረው የጣሪያው ጀርባ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ጣውላ ነው፤ ግን አንዱ የሌላውን ፊት አያይም።

ከቀትር በፊት ሁሉም በምድር ቤቷ ክፍል ተሰበሰቡ። አሮጊቷ በምርኩዝና በዘበኛው ትከሻ ወርዳለች። ልጅቷ የአባቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሸንበቆ ከበሩ አልራቀም። መርማሪዋ ምድጃውን አስነድዳ ስለነበር አንድ ጥቅልል ከጎኑ ሞቋል፤ ከጣሪያው ያስወረደችው ሌላው ደግሞ በሩ ላይ እንደቀዘቀዘ አለ።

«መጀመሪያ ይሄን እዩ» አለች። የሞቀውን ጫፉን አጠፈችው፤ እንደ ጨርቅ ታዘዘ። የቀዘቀዘውን አጠፈችው፤ ተሰበረ። «አባ ክዳን የመጨረሻውን መስመር ሲያለብስ ጥቅልሉ እንደዚህኛው ይታዘዝ ነበር። ስለዚህ የሠራው ፀሐይ እያለች ነው። አመሻሹ ላይ ከዚህ አሙቆ አወጣው እንዳንል፣ ትላንት ማታ ምድጃው አልነደደም። አባ ክዳን ከዚያ ጣሪያ በእግሩ አልወረደም።»

«ታዲያ በቀን ወድቆ ነዋ!» አለ ዘበኛው። «አዳልጦት።»

«ሊሆን ይችላል። ግን ሸንበቆ ሁለታችንም ጥቅልሎቻችንን አስገባን ብሎኛል። እዚህ የገባው ግማሽ ጥቅልል አንድ ነው፤ የሸንበቆ። የአባ ክዳን ግን እዚያው ጣሪያው ላይ ቀርቷል። ለምን ቀረ?»

ዘበኛው ጥቅልሎቹን በጣቱ ቆጠረ።

«ወደዚያኛው ክንፍ ያለ ገመድ አይኬድም። ገመዱ ደግሞ አንድ ነበር፤ ከባለቤቱ ጋር ወርዷል። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለቱንም ትቶ ይሮጥ ነበር። ሸንበቆ ግን ዕድሜ ልኩን ጥቅልል በብርድ አሳድሮ አያውቅም። ጓደኛው አሸዋ ላይ ወድቆ፣ እሱ የራሱን ጥቅልል አውርዶ ከምድጃው አጠገብ አቆመ። እጁ ለምዶበታል።»

«ደንግጬ ነው» አለ ሸንበቆ። «ቋጠሮው አምልጦ ወደቀ፤ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

«ቋጠሮው?» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «የማን ቋጠሮ?»

ሃምሳ አለቃውን በዓይኗ ጠራችው። ገመዱን እንደ ደረቀ ይዞ ገባ። ጫፉ አሁንም ክብ ነው።

«ቶሎ እንየው፤ በሙቀቱ ይለሰልሳል። ይሄ ክብ የታሰረበትን ነገር ልክ ይዞ ቀርቷል። ለጭስ ማውጫው ይጠባል። ለሃምሳ አለቃ...»

«እኔን ተዪኝ» አለ ሃምሳ አለቃው ሆዱን ወደ ውስጥ እየሳበ። አሮጊቷ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

መርማሪዋ ወደ ሸንበቆ ሄዳ ክቡን ከወገቡ ጋር አስተያየችው። ልክ ነበር።

«ቋጠሮ ሰው ተንጠልጥሎበት ቢያመልጥ ተስቦ ይጨማደዳል፤ ክብነቱ አይተርፍም። ሸክም የያዘውንም በጣት መፍታት አይቻልም። ይሄ የተፈታው ገመዱ ላላ ብሎ ሳለ ነው፤ ማዶ ያለው ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ አንተን አምኖ። ሊሞት የፈለገ ሰውም ወገቡን አጥብቆ አያስርም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ማን እንደፈታው አውቄያለሁ። ለምን የሚለው ግን ካንተ በቀር ማንም ጋ የለም። ይቺ ልጅ ደግሞ መልሱን ሳታውቅ መኖር አትችልም።»

ሸንበቆ ልጅቷን አየ። ሕፃን ሳለች በትከሻው የተሸከማት ልጅ ናት።

«አጎቴ» አለችው። ሌላ አልጨመረችም።

በዝግታ በሩ ሥር ተቀመጠ። «‹ነገ ልጄ ትመጣለች› አለኝ። ከማዶ ሆኖ። ፊቱን አላየሁትም። ‹ይቺ የመጨረሻ ጣሪያችን ናት ሸንበቆ።› ‹እኔስ?› አልኩት። ‹አንተማ፣ ገመድ የሚይዝልህ ሰው መቼ ጠፍቶ› አለኝ። እንደ ቀልድ።» እጆቹን አያቸው። «ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ጠዋት የምነሳው እሱ ያዝ ስለሚለኝ ነው። ፈትቼ ጥዬው ልወርድ ነበር። ተጣርቶ የሚመልስለት ሲያጣ ምን እንደሚመስል ይቅመሰው ብዬ።»

«ከዚያስ?»

«‹ያዝ!› አለኝ።»

መርማሪዋ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«አንተስ ምን አልክ?»

«ይዣለሁ አልኩት።»

አሮጊቷ ምርኩዟ ላይ ግንባሯን ደፋች። ልጅቷ ግን አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ፣ ፊቱን ለማየት፣ ሌላ ነገር ጠየቀችው።

«ሊመጣ ነበር?»

«ሰሞኑን ሁሉ እያፏጨ ነበር የሚሠራው» አለ ሸንበቆ። «ምን ተገኘ ስለው አይነግረኝም። ትላንት ነው የነገረኝ። ብርዱ ከአጥንቴ ይወጣል አለ። ለልጅሽ የአሻንጉሊት ቤት እሠራለሁ፣ ጣሪያውን ግን በሙቀት ነው የማለብሰው አለ። ሊመጣ ነበር።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። የጠዋቱ ዓይነት ደረቅ ነገር አልነበረም፤ አባት የሞተባት ልጅ ለቅሶ ነበር። አሮጊቷ ምርኩዟን ጥላ ወደ አልጋው ተሳበችና አቀፈቻት። «ነይ የኔ ልጅ፤ እላይ ከኔ ጋር ነው የምታድሪው» እያለች ጀርባዋን ዳበሰቻት። መርማሪዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆየች።

ሃምሳ አለቃው ሸንበቆን አስነስቶ ወደ ውጭ መራው። ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ደርሳ ውርጩ መቅለጥ ጀምሯል፤ ከጣሪያው ጠርዝ ውኃ ይንጠባጠባል። ወደ መኪናው ከመግባታቸው በፊት፣ ሁሉን ታሳሪ እንደሚጠይቀው፣ ጠየቀው።

«መያዝህን የምንነግረው ሰው አለህ?»

ሸንበቆ ከንፈሩን ከፈተ። ስም ሊጠራ ያሰበ ይመስል ወደ አሸዋው ክምር ዞር አለ፤ መልሶ ዘጋው።

«ተወው» አለ።