«ከሠርጉ በኋላ» የተባለው ቁስል

ዝናብ ከማያባራበት የዌልስ ሸለቆ ውስጥ፣ የከሰል ጉድጓዱ ከተዘጋ ወዲህ ሥራ የራቀው ትንሽ ከተማ አለ። እዚያ፣ ከጸሎት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ግዌንዳ የምትባል ሴት ፀጉር ቤት ነበራት። ባሏ ኤምሪስ ሳንባው በከሰል ብናኝ ተበልቶ በጎልማሳነቱ ሲያልፍ፣ የቀረቻት አንዲት ልጇ ካሪስ ብቻ ነበረች። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? ግዌንዳም እንዲያው ነበረች። ልጅቷ ስታስነጥስ የእሷ ደረት ይታመማል፣ ልጅቷ ስትከፋ የእሷ ጉሮሮ እህል አይቀበልም። ይህን ያህል የምትሳሳላትን ልጅ በገዛ እጇ ወደ መቃብር ትሸኛለች ብሎ ማን ያስብ ነበር? አይ ሰው መሆን! የምንሳሳለትን ነገር እኮ ነው አጥብቀን ይዘን የምንሰብረው…

ካሪስ ቀይ ፀጉር ያላት፣ ቆዳዋ እንደ ወተት የነጣ ልጅ ነበረች። በዚያ ሸለቆ ደግሞ መንጣት ነውር ነው። ክረምቱ ወጥቶ አጭር ቀሚስ ስትለብስ የሰፈሩ ልጆች አጥር ላይ ተሰቅለው «የወተት ጠርሙስ እግር! ሸፍኚው፣ ዓይናችንን አጠፋሽው!» እያሉ ይጮሁባት ነበር። ልጅቷ እያለቀሰች ትገባለች። እናት ምን ታድርግ? በፀጉር ቤቱ ጓዳ ውስጥ የመብራት አልጋ ነበራት። ሴቶች ልብሳቸውን አውልቀው ይጋደሙበታል፣ ክዳኑ ይወርድባቸዋል፣ ሰማያዊው መብራት ይጠብሳቸዋል፤ ፀሐይ ከሚሞቅበት የባሕር ዳርቻ የመጡ መስለው ጠይም ሆነው ይነሣሉ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ላልሞላት ልጅ ክልክል መሆኑን የሚናገር ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ግዌንዳ ማስታወቂያው ላይ ፎጣ ሰቀለችበት። የፀጉር ቤቱ መዝጊያ ከወረደ በኋላም የዐሥራ አምስት ዓመት ልጇን አስተኛቻት።

በክፋት አልነበረም። የሸለቆው እናቶች ሁሉ የሚያምኑት አንድ ነገር ነበር፦ ልጅ ለዕረፍት ወደ እስፔን ባሕር ዳርቻ ከመሄዷ በፊት በመብራት ትንሽ ጠየም ካለች፣ ፀሐዩ አያቃጥላትም። ክትባት እንደ ማስከተብ ያህል ነበር የሚቆጥሩት። ግዌንዳ ልጇን የምትጠብቅ መስሏት፣ ከዓመት ዓመት፣ አስተኛቻት። የካሪስ ጓደኛ ንያ ከመስተዋቱ ፊት ተቀምጣ ትቀልዳለች።

«እትዬ ግዌንዳ፣ ዛሬስ ካሪስን ለብ አድርገው ነው ወይስ አሳርረው የሚያወጧት?»

«ዝም በይ አንቺ ጥሬ! ተራሽ ይደርሳል።»

ሳቅ በሳቅ ይሆናሉ። ሳቁ ደስ ይል ነበር… ማን ያውቃል፣ ሞት አብሯቸው ይስቅ እንደነበር?

ካሪስ አድጋ ሮድሪ ለሚባል ደግ የአውቶቡስ ሾፌር ታጨች። ቬሎዋ ጀርባው እስከ ወገብ ክፍት ነበር። ግዌንዳ በመርፌ እያስተካከለችላት ሳለ ነጩ ጨርቅ ላይ የደም ጠብታ አየች። ከትከሻዋ አጥንት በታች ጥቁር ነጥብ አለ። ድሮም ነበር፤ አሁን ግን ሰፍቷል፣ ጠርዙም እርጥብ ወረቀት ላይ እንደፈሰሰ ቀለም ተበታትኗል።

«ምንድን ነው እማ?»

«ምንም አይደል። የጡት መያዣሽ ማሰሪያ ፋቅ አድርጎሽ ነው።»

«ሰሞኑን ያሳክከኛል እኮ። ሐኪም ቤት ልደውል?»

ያኔ «ደውዪ» ብትል ኖሮ! አንዲት ቃል ናት… ግን ግዌንዳ ቬሎውን አየች፣ ክፍቱን ጀርባ አየች፣ ዕድሜ ልኳን የምትሰቅለውን ፎቶ በሐሳቧ አየች።

«አሁን ከሄድሽ ይቆርጡሻል የኔ ቆንጆ። ጀርባሽን እንደ ጆንያ አሰፍተሽ ልትሞሸሪ ነው? ከሠርጉ በኋላ እንሄዳለን።»

ካሪስም በመስተዋቱ ውስጥ እናቷን አየቻት። እሷም ፈርታ ነበር፤ እሷም ግን ያን ፎቶ ትፈልገው ነበር። «እሺ፣ ከሠርጉ በኋላ» አለች።

እስከ ሠርጉ ድረስ ሙሽራዋም ሚዜዎቿም በዚያው አልጋ ላይ እየተፈራረቁ ተጠበሱ። በሠርጉ ጠዋት ግዌንዳ በሠለጠነ እጇ ነጥቡን ቀለም ቀባችው፣ ዱቄት ነሰነሰችበት። ጠፋ! ጸሎት ቤቱ በመዝሙር ተናወጠ፣ ሰውም «ምን የመሰለ ጠይም ጀርባ!» አለ። ከዚያ ሙሽሮቹ ወደ እስፔን ሄዱ። ከዚያ አዲስ ቤት ማሰናዳት መጣ። ከዚያ… ሁልጊዜ አንድ «ከዚያ» አይጠፋም።

ቅጠል ሲረግፍ ካሪስ ብብቷ ውስጥ እንደ ለውዝ ያለ እብጠት ዳሰሰች። ነገሩ ያ ሰማያዊ መብራት የሚያመጣው የቆዳ ካንሰር ነበር፤ ከቆዳም አልፎ ወደ ውስጥ ዘልቋል። ወጣቷ ሐኪም በለዘበ ድምፅ ጠየቀች፤ «ነጥቡ ሲለወጥ መጀመሪያ ያያችሁት መቼ ነበር?»

«ከሠርጌ በፊት» አለች ካሪስ።

«ታዲያ ለምን ያኔ አልመጣችሁም?»

እናትና ልጅ ተያዩ። ቬሎው ጀርባው ክፍት ነበር ይበሉ?

ለበሽታ ቀጠሮ የሰጠ ማን አለ? ቆረጧት፣ መድኃኒት አፈሰሱባት። ጉበቷ ጋ ደረሰ፣ ከዚያ ወደ ራሷ ወጣ። ያ ቀይ ፀጉር እንደ ገለባ ሳሳ። ሮድሪ ሥራውን ትቶ አልጋዋ ሥር ተቀመጠ። አንድ ቀን በሆስፒታሉ ኮሪደር አማቱ ሾርባ ይዛ ስትመጣ መንገድ ዘጋባት። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ከማለት በቀር አፉን ከፍቶባት አያውቅም።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ? አጥቁረሻት፣ ቀብተሻት፣ ሸፍነሻት… ምን ቀረሽ?»

«ሮድሪ ልጄ…»

«ልጅሽ አይደለሁም! ልጅሽ እዚያ ውስጥ ናት። ሂጂና እያት!»

ሾርባው ከእጇ ወድቆ ፈሰሰ። ግዌንዳ ተንበርክካ በሻርፗ ወለሉን ትወለውል ጀመር።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ካሪስ ዓይኗን ገልጣ እናቷን ጠራቻት። ግዌንዳ ግንባሯን ከልጇ እጅ ላይ ደፋች።

«ይቅር በይኝ የኔ ማር… ይቅር በይኝ።»

«አንቺን ይቅር ማለት ቀላል ነው እማ» አለች ካሪስ፣ በተሰበረ ድምፅ። «የከበደኝ መሞቱ ነው።» ትንፋሿን ሰብስባ ደግሞ፣ «ሰው ሲጠይቅሽ ‹አላወቅንም› እንዳትዪ። አውቀን ነበር። ንገሪያቸው… ለእነንያ ንገሪያቸው።»

ሞተች። ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላት ሞተች! ግዌንዳ የገዛ ልጇን ፀጉር ለመጨረሻ ጊዜ አበጠረች። ፊቷን ግን ምንም አልቀባችም፤ እጇ እምቢ አላት።

በቀብሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የፀጉር ቤቱ በር ተንኳኳ። ንያና ሌሎቹ ሚዜዎች ናቸው። ግዌንዳ ሊያጽናኗት የመጡ መስሏት ከፈተች። አቀፏት፣ አለቀሱ። ከዚያ ንያ መሬት መሬት እያየች፣

«እትዬ ግዌንዳ… ያ አልጋ ይሠራል እንዴ? ለነገ ነው። እንዲህ ገርጥተን ብንቀብራት ካሪስ ራሷ ትስቅብን ነበር።»

ግዌንዳ ባዶውን ጓዳ ከፍታ አሳየቻቸው። አልጋውን አስወጥታ አሰብራዋለች። አስቀምጣም ነገረቻቸው፦ ማስታወቂያውን ፎጣ እንደሰቀለችበት፣ ደሙን እንዳየች፣ «ከሠርጉ በኋላ» ብላ እንዳዘገየች፣ በዱቄት እንደሸፈነችው። አንዳች አልደበቀችም። ልጆቹ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ንያ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ «ሁለተኛ አልነካውም እትዬ፣ በካሪስ ነፍስ!» አለቻት። ሲወጡም ግዌንዳ በመስኮት ተከተለቻቸው። በአንድ ጃንጥላ ሥር ተቃቅፈው፣ ወደየቤታቸው በሚወስደው ዳገት አልወጡም። ወደ ታች ወረዱ፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሌላ የመብራት አልጋ ቤት ወዳለበት።

«ንያ!» ብላ ዝናቡ ውስጥ ወጥታ ጮኸች። «ንያ! ልጄ!»

አልሰሙም… ወይም ሰምተዋል።

በማግስቱ ካሪስን ከአባቷ አጠገብ ቀበሯት። ሕዝቡ ጥቁር ለብሶ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ዕድሏ ነው፣ የተጻፈባት ነው» አለ። ንያ መጥታ ግዌንዳን አቀፈቻት፣ ጉንጯን ከጉንጯ አጣብቃ አለቀሰች። አንገቷ ትኩስ ነበር። ከዚያ ትኩስ አንገት፣ ከሽቶው ሥር፣ የተጠበሰ ቆዳ ሽታ ወደ ግዌንዳ አፍንጫ ገባ። እናት የልጇን ሞት ሁለት ጊዜ ልትሰማ ትችላለች ወይ? ትችላለች ልጆቼ። ያን ቀን ሰማችው።

ዕድል ነው ማለት ለቀባሪ ይቀላል። ዕድል ግን ሁልጊዜ በር ሰብሮ አይገባም፤ አንዳንዴ እኛው ከፍተንለት፣ ወንበር ስበንለት፣ «እስክንዘጋጅ እዚያ ቁጭ በል» እንለዋለን። እሱም እሺ ብሎ ይቀመጣል። ችግሩ፣ ሲነሣ ብቻውን አይሄድም።