የማይፈታው ቀይ ጨርቅ

የሟቹን አስከሬን ከበቆሎው ማሳ ሲያነሱት መርማሪዋ ዞር ብላ አላየችም። ጭቃው ውስጥ ቁጢጥ ብላ የተሰባበረችውን አውሮፕላን ጅራት ትመረምር ነበር። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። አጭርና ቀጭን ናት፤ ይቺ ምን ታመጣለች ብሎ የናቃት ሁሉ የኋላ ኋላ ጣቱን ሲነክስ ኖሯል።

ሟቹ የበረራ አስተማሪ ነበር። ከመንደሩ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ለበረራ ፍቅር ብለው የሚበሩ ሰዎች ያቋቋሙት ክለብ አለ፤ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ «ካፒቴን» ይለዋል። ነፋስ ሳይነሳ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ብቻውን አንድ ዙር በርሮ መመለስ ልማዱ ነው። በዚያ ጠዋትም ተነሳ፣ ዛፎቹን አለፈ፣ ከዚያ አውሮፕላኗ ባፍጢሟ ተደፋች። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው በጠራ ሰማይ ይሞታል ብሎ ማን ያስባል?

ምክንያቱ ብዙ አላስቸገረም። ጅራቷን ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ብሎን ቦታው ላይ የለም። ብሎኑን የሚይዘው ዳዶ በንዝረት እንዳይላላ ቀጭን ሽቦ ይታሰርበታል፤ ሽቦውም የለም። መሬት ላይ መሪውን ቢያንቀሳቅሱት ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። አየር ላይ ግን ሞተሩ ሲያንቀጠቅጠው ዳዶው ወለቀ፣ ብሎኑም ተከተለ።

«ሽቦውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

የካፒቴኑ ልጅ ናት። ፋርማሲስት ስትሆን የጥገናም ፈቃድ አላት፤ ከሥራ ስትወጣ የአባቷን አውሮፕላን የምትጠግነው እሷው ነበረች። ግንባሯ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አሮጌውን ሽቦ አወጣሁት። አዲሱ በልኩ አልሆን አለኝ፤ መሸብኝም። ጠዋት ሌላ ይዤ ልመጣ ዳዶውን በእጄ ጠበቅ አድርጌ ተውኩት።»

«አባትሽ ይህን አያውቅም?»

«የምንተያየው ሜዳ ላይ ነው እንጂ አብረን አንኖርም። ለዚህ ደግሞ ሕግ አለን። ሥራ ሳይጨርስ የሚሄድ ሰው መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል። ጨርቅ ያለባትን አውሮፕላን ማንም አያስነሳም። ካሰረው ሰው በቀር ደግሞ ማንም አይፈታውም።»

«ታዲያ አስረሽ ነበር?»

ልጅቷ እጆቿን አገላብጣ አየች። ከዚያ «አስሬያለሁ» አለች። ከዚያ ደግሞ «ይመስለኛል» አለች።

ወደ አውሮፕላን ማደሪያው ሃንጋር ሄዱ። እንደ ኮሪደር ጠባብና ረጅም ነው፤ አውሮፕላኖቹ እንደ ዳቦ ሰልፈኛ አንዱ ከአንዱ ጀርባ ቆመዋል። በሩ ጋ፣ ከሁሉም ፊት፣ አንዲት ነጭ አውሮፕላን አለች። ከእሷ ጀርባ የካፒቴኑ ቦታ ባዶውን ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲያ የሌሎቹ ይቀጥላሉ። ግድግዳው ላይ በእያንዳንዷ አውሮፕላን ትይዩ አንድ ምስማር አለ። በካፒቴኑ ምስማር ላይ ቀዩ ጨርቅ እንደ ፎጣ ተንጠልጥሏል።

«ይኸው» አለች ልጅቷ። «ባስረው ኖሮ እዚህ ምን ይሠራል? ሁሉም ረስታ ነው ይላል። እኔም አሁን አላውቅም። ያሰርኩበትን ለማስታወስ ስሞክር የሌላ ቀን ይሁን የትናንቱ መለየት አቃተኝ።»

መርፌ ጨርቁን በሁለት ጣቷ አወረደችው። መሃሉ ክፉኛ ተጨማድዷል፤ በጭምድዱ ውስጥ ጥቁር ግራሶ ገብቷል። ከረጢት ውስጥ አስገባችው።

ካፒቴኑ ተቀበረ። ልጁ ከሰው ኋላ ቆማ አላለቀሰችም። በገዛ እጄ ገድዬው እንደ ሰው ላልቅስ? ብላ ይሆናል። ከቀብሩ ማግስት መጥታ መርፌን ቢሮዋ በር ላይ ያዘቻት።

«ገድዬው ከሆነ ይንገሩኝ። ካልሆነም ይንገሩኝ። እንዲህ መሃል ላይ ሆኜ መኖር አልችልም።»

«ቁጭ በይ። ጨርቆቹን መጨረሻ ያጠበ ማን ነው?»

«እኔ። በዚያው ቀን ጠዋት፣ አምስቱንም።»

«ጅራቱን ከመፍታትሽ በፊት?»

«አዎ፣ በፊት።»

«ግንባርሽን ምን አገኘው?»

«ማታ ስወጣ ጨልሞ ነበር። የጋሼ ዶክተር፣ የነጯ አውሮፕላን፣ ክንፍ መታኝ፤ በር ላይ ስለሆነች በክንፏ ሥር ሾልከን ነው የምንወጣው።» ትንሽ አሰበችና ቀጠለች። «አባዬ በዚያ ሳምንት አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። ‹እሁድ ለአባላቱ የምናገረው ጉዳይ አለ፤ ጓደኛ ያሳጣኛል› አለኝ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም። አባዬ ሐሜት አይወድም።»

ጓደኛ የተባሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ፊቱ ዘወትር ዝናብ ያዘለ ስለሚመስል «ደመና» ይሉታል። ከካፒቴኑ ጋር ሰው ፊት ተሰዳድቧል እየተባለ ስሙ የሚነሳው እሱ ነው። መርፌ ሃንጋሩ ውስጥ ወለል ሲጠርግ አገኘችው።

«አዎ፣ ተጣልተናል» አለ መጥረጊያውን ሳያስቀምጥ። «በዝናብ ልነሳ ስል ቁልፌን ቀማኝ። ያልሰደብኩት ስድብ የለም። ሲያባራ ሄጄ ጉልበቱን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱ ባይቀማኝ ያኔ የምትመረምሪው የኔን ሬሳ ነበር፣ እህቴ።»

«ካፒቴኑ ራሱ ጨርቁን ፈትቶት ይሆን? ልጄ ጨርሳ ረስታው ነው ብሎ?»

ደመና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከፊቱ ይብስ ነበር። «እሱ? የኔን ጨርቅ አይቶ እኔ ከመንገድ እስክመለስ ያቺን አውሮፕላን ሳይነካ የከረመ ሰው! በስልክ ‹ፍታው፣ ጨርሻለሁ› እያልኩት ‹መጥተህ ፍታው› ብሎ ዘጋብኝ። የአክስቱ ልጅ ቢሆን አይፈታም፣ የልጁም ቢሆን አይፈታም።»

መርፌ የነጯን አውሮፕላን ጎማ በእግሯ ነካ አደረገችው። በወፍራም ሰንሰለት ታስሯል።

«ይሄስ?»

«የዶክተሩ ነው። እንደ ብስክሌት ይቆልፋታል። ‹ማን ይሰርቅሃል፣ አንተ ጥርሳችንን ትነቅላለህ እንጂ ክንፍህን ማን ይነቅለዋል› እያልን እንስቅበታለን። ቁልፉን ከአንገቱ አያወርድም።»

«ከበሩ ፈቀቅ ለማድረግስ?»

«እሱን ትለምኛለሽ። ካፒቴኑ ሊበር ሲል ማታውኑ ወደ ውጭ ያወጣለት ነበር።»

ሁለተኛው ጓደኛ ዶክተሩ ነው፤ የጥርስ ሐኪምና የክለቡ ሊቀመንበር። ክሊኒኩ ንጹህና ጸጥ ያለ ነው። መርፌ ስትገባ ረዳቱ የአንዲት ሴት ጥርስ ትሰረስራለች፤ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ «ወደ ግራ፣ ቀስ» ይላል። እጆቹን ጭኑ ላይ አጣምሯል።

«ልጅቷን አይጫኗት» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ደክሟት ነበር። ሰው ይረሳል። እንደ ልጄ ነው ያሳደግኳት።»

«በዚያ ጠዋት የት ነበሩ፣ ዶክተር?»

«ቤቴ። ተደውሎልኝ ነው የደረስኩት።»

«አውሮፕላንዎን መጨረሻ የነኩት መቼ ነው?»

«በዋዜማው ከሰዓት። ልጅቷ ሳትመጣ ቆልፌ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አልነካኋትም። በረራ ማን አማረው?»

ውጭ ሚስቱ መኪና ውስጥ፣ መሪው ጋ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች።

«ሁልጊዜ እርስዎ ነዎት የሚነዱት?» አለች መርፌ ጎንበስ ብላ።

«ከቅርብ ጊዜ ወዲህ» አለች ሴትዮዋ። ዓይኗን ከመሪው አላነሳችም።

እሁድ፣ ካፒቴኑ ሊናገር ባሰበበት ቀን፣ መርፌ ሁሉንም ሃንጋሩ ውስጥ ሰበሰበች፤ ልጅቷን፣ ደመናን፣ ዶክተሩንና ሚስቱን። ወንበር አልነበረም፤ ሁሉም ቆሙ።

«ከጨርቁ ልጀምር» አለች። «ጨርቁ በዚያ ቀን ጠዋት ታጥቧል። ልጅቷ ከሰዓት ጅራቱን ፈታች፤ እጇ ግራሶ በግራሶ ሆነ። ጨርቁን ስናገኘው ከቋጠሮው ጭምድድ ውስጥ ግራሶ ነበረበት፤ ከጅራቱ ግራሶ ጋር አንድ ነው። ረስታ ከምስማሩ ባታነሳው ኖሮ ንጹህ ይሆን ነበር። አንቺ አልረሳሽም። አስረሻል።»

ልጅቷ ግድግዳውን ያዘች።

«እንግዲህ የታሰረውን ሌላ ሰው ፈቶታል። ካፒቴኑ አይደለም፤ የልጁን ቋጠሮ እንደማይነካ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።» ወደ ሾፌሩ ዞረች። «ደመና፣ ያንተን አውሮፕላን ወደ ውጭ ግፋልኝ።»

ደመና ገፋ። በካፒቴኑ ባዶ ቦታ አልፎ የነጯ አውሮፕላን ጅራት ጋ ሲደርስ ቆመ። «አይሆንም። የዶክተሩ መነሳት አለባት።»

«አንሳታ።»

«ተቆልፋለች እኮ።»

ይህን ከተናገረ በኋላ አፉን ሳይገጥም ቀረ። ገብቶታል።

«የካፒቴኑ አውሮፕላን የነበረችው ከነጯ ጀርባ ነው» አለች መርፌ። «ልጅቷ ማታ ስትወጣ ነጯ በር ላይ ነበረች፤ ግንባሯ ምስክር ነው። እኔ በዚያ ጠዋት ስደርስም እዚያው ነበረች፣ ተቆልፋ። በመሃል ግን ካፒቴኑ ወጥቷል። በላይዋ ዘሎ አልወጣም። ነጯን የከፈተና ያነሳ፣ ካፒቴኑን ያሳለፈ፣ ከዚያም ቦታዋ መልሶ የቆለፈ ሰው አለ። ቁልፉ አንድ ነው። ዶክተር፣ ሁሉንም እንደነበረ ልተው ብለው መለሷት። ባይመልሷት ኖሮ በዋዜማው ማታ አውጥቻት ነበር ብለው ያታልሉኝ ነበር።»

«ለምን ብዬ?» አለ ዶክተሩ። «ወንድሜ ነበር።»

«መኪና መንዳት ትተዋል። ሰው አፍ ውስጥ መሰርሰሪያ ማስገባትም ትተዋል። መሃል ላይ ድንገት ራስዎን ስለሚስቱ ይመስለኛል። ለታካሚዎ አስበዋል፤ ሰማዩን ግን መተው አቃተዎት። ካፒቴኑ አብሮዎት ሲበር ያንን ያየ ይመስለኛል።»

ዶክተሩ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሚስቱ ቀደመችው። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው።

«በዚያ ጠዋት ያመጣሁህ እኔ ነኝ። ‹ሳይነሳ ልድረስበት፣ ይቅርታ ልጠይቀው ነው› አላልከኝም? ማንም እንዳይሰማ ስትለኝ እኔ ደግሞ ስላፈርክ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ከዚያ ወዲያ የሚያስተባብለው አልነበረም። ዶክተሩ ጀርባውን በነጯ ክንፍ ላይ አስደገፈ።

«መኪናዬ ሄደ፣ ሥራዬ ሄደ» አለ። «የቀረኝ ይሄ ነበር። አየር ላይ አንዴ ራሴን ሳትኩ፤ እሱ ባይኖር ሞቼ ነበር። ሲያሳርፈን ‹ከእንግዲህ አትበርም፤ አንተ ካልነገርካቸው እሁድ እኔ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። በእውነት ልለምነው ነው የመጣሁት። እሱ ገና አልደረሰም፤ ጨርቁን አየሁት።» ልጅቷን ቀና ብሎ አየ። «እኔ ብሎን አልነካሁም። ሽቦ አላወጣሁም። ጨርቅ ብቻ ነው የፈታሁት።»

ደመና ወደ እሱ ሲራመድ መርፌ በመሃል ገባች። ልጅቷ ግን አልጮኸችም። ቀስ ብላ ቀረበችው።

«አውሮፕላኗን ስታወጡ አብረኸው ገፋህ?»

«ክንፉን ይዤ... አዎ።»

«ምን አለህ?»

ዶክተሩ ዓይኑን ከልጅቷ ላይ አነሳ። 

«አመሰገነኝ» አለ። «‹ያኮረፍክብኝ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ እንኳን መጣህ› አለኝ።»

መርፌ ክንዱን ይዛ ወሰደችው። ሚስቱ አልተከተለችም።

ልጅቷ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። «አባዬ» አለች፤ ከዚያ አባቱ የሞተበት ሰው እንደሚያለቅሰው፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ማንንም ሳታፍር አለቀሰች። ደመና አጠገቧ ቁጭ አለ። ዝም በይ ያላት አልነበረም።