በጾም የተማርኩት ዜማ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በጆሮዬ የሰማሁትን፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ሉዊዚያና፣ ከሩዝ እርሻው ዳር ባለችው የአጎቴ የቴኦጄን ቤት።

ጾም ነበር። በእኛ አገር ጾም ሲገባ ቫዮሊን አልጋ ስር ይገባል። እስከ ፋሲካ ማንም አይነካውም።

አጎቴ ግን ለፋሲካ እንደማይደርስ ሐኪሙ ነግሮናል። ሟቹ ወንድሙ ኦዜሜ የሠራውን የዋልዝ ዳንስ ዜማ ደግሞ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሳልማረው ከሞተ ዜማውም አብሮት ሊቀበር ነው።

«አጎቴ፣ አስተምረኝ» አልኩት።

«በጾም?... አብደሻል እንዴ ኖኤሊ?»

«እግዜር ይቅር ይለናል።»

ሳቀ። ሳሉ ሳቁን አቋረጠው።

«እሺ። አንቺ ለቄሱ ተናዘዢ፤ እኔ እዚያው ሄጄ ለባለቤቱ እነግረዋለሁ።»

የየራሳችንን ቫዮሊን ይዘን ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ተቀመጥን። እኛ ዘንድ ዜማ በወረቀት አይሰጥም፤ አንዱ ይጫወታል፣ ሌላው ሰምቶ ይመልሳል።

«ጣቴን አትዪ። ዓይንሽን ጨፍኚ» አለኝ።

ጨፈንኩ።

ይጫወታል... እመልሳለሁ። ይጫወታል... እመልሳለሁ።

ከዚያ... ጠክ... ጠክ ጠክ...

አንድ ሰው ሲጫወት ሌላው አጠገቡ ሆኖ የቫዮሊኑን ክሮች በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች እየመታ ምቱን ይጠብቅለታል። የድሮ ልማዳችን ነው። አጎቴ እየመታልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ቆይቶ ግን ነገሩ ከነከነኝ። በሁለት እጁ ቫዮሊን የያዘ ሰው እንጨቱን በምን ያዘው?

ፈራሁ። ዓይኔን ግን አልገለጥኩም፤ ዜማው እንዳያመልጠኝ።

አዲስ ክፍል መጣ። መለስኩት። ሌላም መጣ... መለስኩት።

«ኖኤሊ...» አለኝ አጎቴ በሹክሹክታ። «ይሄንን ከማን ሰማሽው?»

«ካንተ ነዋ!»

«እኔ ካቆምኩ ቆየሁ።»

ዓይኔን ገለጥኩ። የእሱ ቫዮሊን አልጋው ላይ ተጋድሟል። አጎቴ ያለቅሳል።

«መጨረሻውን እኔም አላውቀውም» አለ። «ኦዜሜ ሳያስተምረኝ ነው የሞተው... በጾም ሲጫወት... የተቀመጥሽበት ወንበር ላይ።»

ልነሳ ስል እጄን ያዘኝ።

«ልተወው አጎቴ?»

«አይሆንም!... ድገሚልኝ።»

ቫዮሊኔን አንስቼ ደገምኩለት።

ጠክ... ጠክ ጠክ...

አጎቴ እኔን አያይም። አጠገቤ ያለውን ባዶ ቦታ ነው የሚያየው። ፈገግ አለ።

«ቆየህብኝ እኮ» አለ።

ዜማውን ስጨርስ አጎቴ ትንፋሽ አልነበረውም።

ቀበርነው። ቫዮሊኔን አልጋ ስር ከተትኩት። ስለዚያ ቀን ለቄሱም አልተናዘዝኩም።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ አወጣሁት። ዜማው አልጠፋም፣ እኔ ጋ ነው። ለአጎቴ ስል መጫወት ነበረብኝ።

በረንዳው ላይ ብቻዬን ቆሜ፣ ዓይኔን እንደገለጥኩ ጀመርኩ።

ጠክ... ጠክ ጠክ...

ደጋኑን ከክሮቹ ላይ አነሳሁት። ምቱ አላቆመም።

ቀስ ብዬ ወደ ክሮቹ አየሁ። ማንም ሳይነካቸው ወደ ታች ይጫናሉ... ይነሳሉ...

የሚጫኑት ግን እንደ አንድ ሰው እንጨቶች በሁለት ቦታ አልነበረም።

በአራት ቦታ ነበር።