በመለማመጃው ችሎት የወደቀው መምህር

መምህሩ በሕግ ትምህርት ቤቱ የመለማመጃ ችሎት፣ ከዳኞች መድረክ ሥር በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። የድንጋዩ ደረጃ ጠርዝ ማጅራቱን መትቶታል፤ የለበሰው ጥቁር የዐቃቤ ሕግ ካባ ደሙን መጥጦ ከብዷል።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ጉልበቷን ይዛ አጠገቡ በርከክ አለች። ሰውየውን ታውቀዋለች። በወጣትነቱ ሲከስ ርኅራኄ የማያውቅ ዐቃቤ ሕግ ነበር፤ ኋላ ዐቃብያነ ሕግን አሠለጠነ፤ በመጨረሻም ከየአገሩ ለሚመጡ ወጣት ጠበቆች ሙግት አስተማሪ ሆነ። ነገ ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ «በዚያ ሰው ላይ ተሳስቻለሁ» ሊል ነበር። ከሶ ያስፈረደበት ያ ሰው ዛሬም እስር ቤት ነው፤ ተስፋው የዚህ የሞተ ሰው አንደበት ብቻ ነበር።

ዕለቱ እሑድ ነው፣ ትምህርት የለም። ዘበኛው ያስገባው የመምህሩን ሚስት፣ ያንን ፍርድ የፈረዱትን ጡረተኛ ዳኛና የእስረኛውን ልጅ ብቻ ነው። ማን መቼ እንደወጣ ግን አላየም፤ የኋላው በር ክፍት ነበር።

«ተጣልታችኋል አሉ» አለች ወንፊት ለሚስቲቱ።

«ማን አለ? ዘበኛው? ምላሱ ይቆረጥ!» መሀረቧን ጨመቀችው። «አዎ፣ ተጣልተናል። ውጭ አገር ትልቅ የሕግ ትምህርት ቤት እንዲመራ ተጠርቷል። ስሕተቱን አደባባይ ካወጣ ማን ይወስደዋል? አርፈህ ተቀመጥ አልኩት።»

«እሱስ?»

«ካባውን ወንበር ላይ ጥሎ፣ በሸሚዙ ቆሞ ሳቀብኝ። ‹አንቺስ ከዳኛው ትብሻለሽ› አለኝ።»

ዳኛው ከዘራቸውን እንደ ጨበጡ ተቆጡ። «ስሜን ጭቃ ሊቀባ ነበር፣ አልዋሽም። ግን በዚህ ዕድሜዬ ሰው ልገፋ? እኔን ራሴን ነፋስ ይገፋኛል!»

«ካባውን ለብሶ ነበር?»

«ማንን ሊከስበት? በሸሚዙ ሆኖ ‹ተሳስተናል› ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ።»

ልጅቱ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ኩርምት ብላለች። የወንፊት የልጅ ልጅ በዚህች ዕድሜ ናት።

«እህል ቀምሰሻል?»

«እትዬ፣ ነገ ለአባቴ ማን ይናገራል?»

«አግኝተሻቸው ነበር?»

«ለምስክርነት ሊያዘጋጁኝ ጠርተውኝ ነበር። ስደርስ ክፍሉ ተዘግቷል።»

ወንፊት ቀና ብላ ልታያት አልደፈረችም። ምነው ሌላ ሰው በሆነ እያለች፣ ሦስቱንም ችሎቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መምህሩ ሲያስተምር አይቻለሁ» አለች። «ካባውን የሚደርበው ሌላ ሰው ለመሆን ነው። ምስክር ሊያጠነክር ሲፈልግ ጨካኝ ከሳሽ ይሆናል፤ ይሳደባል፣ ይዋሻል። እዚህ ያለቀሰ እዚያ አያለቅስም ይላል። ካባውን ሲያወልቅ ያው ራሱ ነው። ለሚስቱ በሸሚዝ፣ ለዳኛውም ‹ተሳስተናል› ሲል በሸሚዝ ነበር። የሞተው ግን በካባ ነው። ከሦስታችሁ የምትለማመድ ምስክር ማን ናት?»

ልጅቱ ማስተባበል እንኳ አልሞከረችም።

«‹አባትሽ ወንጀለኛ ነው፤ ዛሬም ቢሆን መልሼ አስፈርድበታለሁ› አሉኝ። ለውጭ አገሩ ሹመታቸው ብለው የካዱን መሰለኝ። ገፋኋቸው... ይሞታሉ ብዬ አይደለም፣ እትዬ!»

«ልምምድ መሆኑን አልነገሩሽም?»

«ማን ይንገረኝ? እኔ ተማሪያቸው አይደለሁ!»

መምህሩ ከሕግ ሰዎች ጋር ሲኖር ባጅቶ፣ ሌላው ሰው የካባውን ትርጉም እንደማያውቅ ረስቶ ነበር።

«እኔን አስቀይሞ ለአባትሽ ሊመሰክር ነበር እኮ!» ብላ ሚስቲቱ ደረቷን መታች።

ልጅቱ ወደ ዳኛው ዞረች። «አባባ፣ ተሳስተናል ሲሉ እርስዎ ሰምተዋል። ነገ እርስዎ ይናገሩለት፣ በእናትዎ!»

ዳኛው ከዘራቸውን ተደግፈው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ከሟች ሰማሁ የሚል ሰው ቢመጣ እኔ ራሴ አልቀበለውም ነበር። ያውም የእስረኛው ልጅ የገደለችውን ሟች!»

ወንፊት ካቴናውን ከኪሷ አወጣችና መልሳ ከተተችው። የልጅቱን ክንድ ያዘች።

«ነይ የኔ ልጅ። ሹራብሽን ልበሺ፤ የሴት እስረኞች ክፍል ይበርዳል።»