የኢሊዩሺኗ ጠባቂ

ሳጥኑ ከአውሮፕላኗ ወለል ሥር እየወጣ ነው።

ታረቀኝ በተሰበረው መስኮት ወደ ውጭ አጮለቀ። ከሮብ ገበያ በሚመጣው መንገድ ዳር ነጭ ፒክአፕ ቆሟል። ሹፌሩ አይወርድም፤ ሞተሩንም አያጠፋም።

«ጋሽ ፍሥሐ፣ ቶሎ ይበሉ።»

«ምን ያስቸኩልሃል ልጄ? እሷ እንደሆነ የትም አትሄድ» አሉት ሽማግሌው። ተንበርክከው ሳጥኑን በሁለት እጃቸው አነሱት።

ታረቀኝ እውነተኛ ስሙ አይደለም። ቁራሌውነትም ሥራው አይደለም። ከበጋ እስከ ክረምት በደብረ ማርቆስ ሰፈሮች «ቁራሌው!» እያለ አሮጌ ብረትና ጠርሙስ ሲለቅም የከረመው በደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ነው። እዚያ «ቆቅ» ይሉታል። የተላከውም ለዚህ ሳጥን ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ከአብራሪው ፊት የተነቀሉ መለኪያዎች አሉ። በጨለማ የሚያበሩት ራዲየም የሚባል፣ ጨረሩ ሰው የሚገድል ነገር ተቀብተው ነው። አንዱ ብቻውን ብዙም ላይጎዳ ይችላል። አሁን ግን አንድ ገዢ በየአገሩ ከወደቁ አሮጌ አውሮፕላኖች መለኪያ እያስነቀለ ቀለሙን ይፍቃል። ያ ዱቄት ገበያ መሃል ቢበተን ምን እንደሚያደርግ ቆቅ ያውቃል።

ጋሽ ፍሥሐ የአውሮፕላኗ ቴክኒሻን ነበሩ። ሩሲያ ሄደው የተማሩትም እሷን ነው፤ ኢሊዩሺን አሥራ አራት። ሩሲያዎቹ መጀመሪያ የሠሯት አሥራ ሁለቷ አንድ ሞተሯ ሲጠፋ አቅም እያነሳት ስላስቸገረች፣ ክንፉን እንደገና ነድፈው አሥራ አራቷን አወጡ። ይህን ለታረቀኝ ስንቴ ነግረውታል! በደርግ ጊዜ ሐኪምና አስተማሪ፣ አንዳንዴም ቁስለኛ ስታመላልስ ቆይታ፣ አንድ ክረምት እዚህ ሲናን መስክ ላይ በሆዷ አረፈች። ማንም አልሞተም። ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ እሳቸው ቀሩ። እዚሁ አገቡ፣ እዚሁ ሚስታቸውን ቀበሩ። ቆርቆሮዋን ለድስት ልግዛ ብሎ የመጣውን ሁሉ በዱላ አባረሩ።

ቆቅን ግን አላባረሩትም። ልጅ የላቸውም፤ ወደዱት። መለኪያዎቹ ሙዚየም ይገባሉ፣ አውሮፕላኗንም ማንም አይነካትም ብሎ ነገራቸው። «ማርቆስን!» ብሎ ማለላቸው። ያን ቀን ራሱን ጠላ።

ስልኩ ተንቀጠቀጠ። አለቃው ነው።

«ገበያው?»

«ቆሟል። ነጭ በሬ መንገድ ላይ አለ።»

«ወደ ጥላ ቤት አምጣው። ገዢው እስኪያዝ ልብስህን አታውልቅ።»

ገበያ ማለት ሥራው፣ ነጭ በሬ የገዢው ፒክአፕ፣ ልብስም ቁራሌውነቱ ነው።

«ሽማግሌው ካልተከተልኩ ብለዋል። ቢጎዱስ?»

«እኔ የላክሁህ ለሳጥኑ ነው።» ስልኩ ተዘጋ።

በገብሱ መሃል ቁልቁል ወርደው፣ በሌላ በኩል ወጥተው ሚኒባስ ያዙ። ጋሽ ፍሥሐ ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ማርቆስ እስኪደርሱ አልለቀቁትም።

«ጥላ» ዘመነ ነው፤ የቆቅ ባልደረባ። የማርቆስ ልጅ፣ ተጫዋች፣ ሰው ወዳድ። ቤቱን የሚያውቁት እሱ፣ ቆቅና አለቃው ብቻ ናቸው።

ነጩ ፒክአፕ ከበሩ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር።

ቀድሟቸዋል። ማን ነገረው?

ቆቅ ሊመለስ አሰበ። ግን ዘመነ በሩን ከፍቶ የሽማግሌውን እጅ ይዟል፤ «ይግቡ እንጂ አባቴ» እያለ እየጎተተ ያስገባቸዋል። ቆቅም ተከትሎ ገባ።

ዘመነ ጠላ ይዞ መጣ። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ዛሬ ይህ ቁራሌው ጉዱ ይወጣል» ብሎ ቀለደ። ጋሽ ፍሥሐ ሳቁ። ደንቡ ነውና መጀመሪያ ለሳቸው ቀዳ፤ በሁለት እጁም ሰጣቸው።

ቆቅ በዚህ ቤት ብዙ ጊዜ ጠጥቷል። ዘመነ ጎጃሜ ነው፤ ቅምሻ አይረሳም። ሁልጊዜ ከጆጉ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ፣ ቀምሶ፣ ከዚያ ነው ለእንግዳ የሚሰጠው። ሰክሮ እንኳ ይቀምሳል።

ዛሬ አልቀመሰም።

ለቆቅ ሁሉም ገባው። በጥይት ከሆነ ጎረቤት ይሰማል። አንድ ሽማግሌና አንድ ቁራሌው ጠላ ጠጥተው ቢሞቱ ግን ማን ይጠይቃል? ሳጥኑም በሰላም ይወጣል። አሁን ቢናገር ልብሱ ወለቀ፤ ገዢውም ውጭ ሆኖ ይሰማና ያመልጣል። ዝም ቢል ግን...

ጋሽ ፍሥሐ ስለ አሥራ አራቷ ክንፍ እያወሩ ብርጭቆውን ወደ አፋቸው አነሱ።

ነጠቃቸው።

ጠላው ነጠላቸው ላይ ፈሰሰ። ከአባት እጅ ብርጭቆ መንጠቅ እዚህ አገር ከጥፊ አያንስም። ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ቆቅ ለራሱ የተቀዳለትን ብርጭቆ ወደ ዘመነ ገፋው። «ቅመሰው።»

ዘመነ ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። እጁ ጃኬቱ ሥር ገባ።

ቆቅ በጆጉ ፊቱን መታው። ሽጉጡ ጮኸ። ጥይቱ የቆቅን ግራ መዳፍ በስቶ ግድግዳው ውስጥ ገባ። ወለሉ ላይ ተያያዙ፤ በመጨረሻ ቆቅ ሽጉጡን ቀማው። ውጭ ፒክአፑ ጎማውን እያስጮኸ በረረ።

ቆቅ በደማው እጁ ለአለቃው ደወለ። «ጥላ ከድቷል። ሳጥኑ በእጄ ነው። ነጭ በሬ ወደ ደጀን።»

ፒክአፑን የዓባይን ቁልቁለት ሳይጀምር ያዙት። ገዢው ከኋላ ወንበር ተገኘ። ዘመነ ሲጠየቅ ደክሞኛል አለ፤ ውጭ አገር በገዛ ስሜ እንድኖር ቃል ገቡልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈለግሁም አለ። ቆቅ ይህን ሲሰማ ሊጠላው ፈልጎ አልሆነለትም።

መሥሪያ ቤቱ ደስ አለው። ከዚያ ባለሙያዎች ሲናን ድረስ መሣሪያ ይዘው ሄዱ። ወለሉም ግድግዳውም ተበክሏል፤ አውሮፕላኗ ተቆርጣ ትቀበር ተባለ። ቆቅ ለምኖ ነበር። ማንም አልሰማውም።

መሄድ ክልክል ቢሆንም ሄደ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። መጋዙ ክንፏን ይቆርጣል። ጋሽ ፍሥሐ ከመከለያው ገመድ ወዲህ ቆመው ያያሉ። አጠገባቸው ሲደርስ እንደማያውቁት እንግዳ በአክብሮት ጎንበስ አሉለት።

«ጋሽ ፍሥሐ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ጌታዬ፣ እርስዎን አላውቅዎትም» አሉት በቀስታ። «ታረቀኝ የሚባል ቁራሌው ነበረኝ። በማርቆስ ምሎልኝ ነበር። ድንገት ካገኙት፣ ያን ጠላ ለምን እንዳላስጠጣኝ ይጠይቁልኝ።»

ቆቅ ልጅዎ ነኝ ማለት ፈልጎ ነበር።

«እሺ አባቴ፤ ካገኘሁት እጠይቀዋለሁ» አለ።

መንገድ ወጥቶ ሚኒባስ አስቆመ። ከኋላ ወንበር፣ በአንዲት ድንች በጫነች ሴትና በአንድ ዲያቆን መሃል ተቀመጠ። ሴትየዋ ከየት ነህ፣ ማን ትባላለህ አለችው። መሥሪያ ቤቱ ወደፊት የሚጠራበትን ስም ገና አልሰጠውም ነበርና የተኛ መሰለ።