ዕቃዋን ጠቅልላ ያልጨረሰችው ሴት

የምጽፈው ነገር ፈጠራ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። አልፈርድበትም። እኔም በዓይኔ ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር።

ሌሊት አልነበረም። ጨለማም አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ ፍንትው ብላ በወጣችበት፣ የታጠበ ልብስ በሚሰጣበት ሰዓት...

የቤት ደላላ ነኝ። አንድ መንገድ አለ፤ ዛሬ ስታልፉበት መስኮቱ ሁሉ መብራት ነው፣ ሰው በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ይጫወታል። «ያን የሞተ ሰፈር እንዴት አስነሣሽው?» ሲሉኝ ስለ ቀለምና ስለ መጋረጃ አወራላቸዋለሁ።

ስለ ጥጉ ቤት ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው ፋብሪካው ሲዘጋ ነው። ሰዉ ብድሩን መክፈል አቃተው፤ ባንኩ ቤቶቹን አንድ በአንድ እየወረሰ አሸገ። መጀመሪያ ሰው ሄደ። ቀጥሎ ሌባ መጥቶ አምፖሉን፣ የበር እጀታውን፣ የውሃ ቧንቧውን ሳይቀር ነቅሎ ወሰደ።

የቀሩት አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር ብቻ ነበሩ። «አባባ» እላቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት የውሃ ጎማቸውን እየጎተቱ፣ ለቀው የሄዱ ጎረቤቶቻቸውን ዛፍ ያጠጣሉ።

«ለማን ብለው ነው አባባ?»

«ሲመለሱ ደርቆ ቢያገኙት ምን ይሉኛል?»

የሚመለስ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

ባንኩ ቤቶቹን በጅምላ ለአንድ ነጋዴ ሊሸጥ ነበር። ነጋዴው ዋጋ እስኪወደድ ቆልፎ ሊያስቀምጣቸው። ደጅ ጠናሁ፣ ተለማመጥኩ፣ ሲብስብኝም ተጣላሁ። «ለሚኖርበት ሰው ልሽጥላችሁ፤ ጊዜ ብቻ ስጡኝ።» እየተነጫነጩ ሰጡኝ።

ሣሩን አሳጨድኩ። የተሰበረ መስታወት አስቀየርኩ። ባዶዎቹ መስኮቶች ላይ መጋረጃ ሰቀልኩ፣ በረንዳዎቹ ላይ አምፖል አበራሁ። አባባ ቆመው እያዩኝ ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ሬሳ ኩለሽ ልትድሪ ነው?»

ግን ሠራ። አንዲት ነርስ ከእናቷ ጋር ገባች። ቀጥሎ አንድ አስተማሪ ከነቤተሰቡ። የሆነ ቀን መንገዱ ላይ የልጅ ሳቅ ስንሰማ፣ አባባ ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ጥጉ ላይ ያለው፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት ብቻ እምቢ አለኝ።

መጀመሪያ ያሳየሁት ለአዲስ ተጋቢዎች ነው። በሩን ከፍቼላቸው ስልክ ስለተደወለልኝ ውጭ ቀረሁ። ወዲያው ተመልሰው ወጡ። ሚስትየዋ ፊቷ ጠቁሯል።

«ሰው ያለበት ቤት ነው እንዴ የምታሳዪን?»

«የምን ሰው?»

«ሴትዮዋ ዕቃ እየጠቀለሉ ነው። ‹ትንሽ ታገሡኝ፣ ልጨርስ ነው› አሉን።» ድምፅዋ ወረደ። «እያለቀሱ ነው እኮ...»

ሮጬ ገባሁ።

ማንም የለም። ሳሎኑ ባዶ። ቁምሳጥኑ ባዶ።

ግን ወለሉ ላይ፣ አቧራው መሐል፣ አራት ማዕዘን የሆነ ንጹህ ቦታ ነበር... አሁን ካርቶን የተነሣበት የሚመስል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ገዢዎችም እንደዚያው ሆኑ። አንዱማ ደህና ዋይ እንኳ ሳይለኝ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

አንድ ቀን ልቤን አጠንክሬ ብቻዬን ገባሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ፀሐይዋ ሳሎኑን ሞልታዋለች። ምን ያስፈራል? አልኩ ለራሴ።

ጭርርርር...

ፕላስተር ነው። ካርቶን የሚታሸግበት ፕላስተር፣ ሲሳብ የሚያወጣው ድምፅ። ከመኝታ ቤት ነው የመጣው።

ቀጥሎ ጋዜጣ ተንኮሻኮሸ። ብርጭቆ ከብርጭቆ ጋር ቀስ ብሎ ተነካካ...

«ማነው?» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

ፕላስተሩ ቆመ።

ከዚያ ከበሩ ጀርባ፣ በሹክሹክታ...

«ትንሽ ታገሡኝ...»

እግሬ እንዴት እንዳወጣኝ አላውቅም። የአባባ በር ላይ ነው ራሴን ያገኘሁት።

«አባባ፣ እዚያ ቤት የሞተ ሰው አለ?»

«የምን ሞት አመጣሽ? ልብስ ሰፊዋ ናት የነበረችበት። ደህና ናት፤ በቀደም ገበያ አግኝቻታለሁ።»

ጎማውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«እናቷን ልታስታምም ሄዳ ነው የባንኩ ሰዎች ሊያሽጉ የመጡት። ስትመለስ ቁልፉ ተቀይሯል። ዕቃዋን ግቢ ውስጥ ዝናብ ይደበድበዋል። በእጇ አንዲት ማንኪያ እንኳ አልሰበሰበችም። ደግሞ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።»

በሕይወት ያለች ሴት!

የልብስ ሰፊዋን አድራሻ አጠያይቄ ሄድኩ። ከትልቅ ሴት ልጃቸው ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ልጅቷ ሥራ ላይ ነበረች። እሳቸው የስፌት መኪናቸው ላይ ጎንበስ ብለው የተማሪ ልብስ ይሰፋሉ።

ስነግራቸው ይስቃሉ ወይም ያባርሩኛል ብዬ ነበር። መኪናውን አቆሙ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው አይደል?»

«እንዴት አወቁ እትዬ?»

«በዚያ ሰዓት እዚሁ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። ስነቃ እጄ እንዲህ ሆኖ አገኘዋለሁ።»

መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። በጋዜጣ ቀለም ጠቁሯል። ቤቱ ውስጥ አንድም ጋዜጣ አልነበረም...

«አልጨርስ አልኩ ልጄ። አንዱን ስጠቀልል ሌላው ይመጣል። የሟቹ ባሌ መነጽር። የልጄ የጥርስ ብሩሽ። ከሰዓት በኋላ ሳሎን የሚገባው ፀሐይ። እሱንስ በምን እጠቀልለዋለሁ?»

ስንቱን ቤት ሸጬ፣ ከቤቱ የወጣውን ሰው ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እንሂድና ይጨርሱ» አልኳቸው።

ለሽያጩ ብዬ አልነበረም። ወይም... ለሽያጩ ብቻ ብዬ አልነበረም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በመኪናዬ ወሰድኳቸው። አረንጓዴው በር ጋ ሲደርሱ ቁልፉን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«አንቺ እዚህ ቆዪ።»

ገቡ።

አባባ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

መጀመሪያ አንድ ድምፅ ሰማን። ከዚያ ሁለት። ሁለቱም የእሳቸው ነው...

«ይሄንንስ?»

«ተዪው።»

«ይሄንን?»

«እሱን እንኳ እንውሰደው... እባክሽ።»

ከዚያ ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ። እናታቸው የሞተችባቸው እህትማማቾች እንደሚያለቅሱት፣ አንዷ ስታቆም ሌላዋ እየተቀበለች።

አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ልቅሶው ጋብ ሲል አንዲት ሴት ወጡ። ብቻቸውን። የታሰረች ትንሽ ካርቶን ይዘዋል። በሩን በራሳቸው እጅ ቆለፉና ቁልፉን ሰጡኝ።

«ጨርሻለሁ።»

መንገዱን ሙሉ ካርቶኗን ጭናቸው ላይ አድርገው በመስኮት ያያሉ። ፊታቸው ላይ ያለው ዕረፍት፣ በውነት... ያስቀናል።

ከግቢያቸው ደርሰን ቀድሜ ወረድኩ። ልጃቸው በር ላይ ቆማለች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ?» አለችኝ እየተንሾካሾከች።

«ምን አደረግኩ?»

«እማዬን ይዘሻት ሄደሽ፣ ከዚያ ቤት ብቻዋን በእግሯ ትልኪያታለሽ? ስታለቅስ ቆይታ አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰዳት!»

በእጄ ወደ መኪናዬ ጠቆምኩ።

ከኋላዬ የመኪናው በር ተከፈተ...

ልጅቷ ከትከሻዬ በላይ አየች። ከንፈሯ ደም የሌለው መሰለ። ክንዴን ጨምድዳ ያዘች።

እሳቸው ካርቶኗን አቅፈው በመሐላችን አለፉ። ልጃቸውን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ በሉ... አትቀስቅሷት። ደክሟታል።»

በሩ ደፍ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ገቡ። በሩ ያለ ድምፅ ተዘጋ።

እኔና ልጅቷ ግቢው መሐል ቆመን ቀረን። ሄዶ ለመክፈት የደፈረ የለም።

በሩ ሥር ሁለት ጥንድ ጫማ ነበር። ጎን ለጎን።

አንድ ዓይነት፣ ያረጀ ጥቁር ጫማ።

የሁለቱም የግራው ማሰሪያ ተበጥሶ... በቀይ ክር ተሰፍቷል።